ልብስ የላትም

«አሻንጉሊትሽን ከፊቴ አንሺልኝ።»

ይህን ያልኩት ኩዌት ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ በነበረችው ጠባብ ክፍላችን ነው። ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ የሑዳዴ መግቢያ ሰሞን። ያልኳት ሴት ፊሊፒናዊት ናት። እኔ አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፤ እሷ ልጆቹን ትይዛለች። ማታ ተደራራቢዋ አልጋ ላይ እንወድቃለን፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። አሻንጉሊት ያልኩት ደግሞ አንድ ስንዝር ከምናምን የሚሆን፣ ቀይ ካባ የለበሰ፣ ዘውድ የደፋ ሕፃን ኢየሱስ ነው። ሳንቶ ኒኞ ይሉታል። ሠላሳ ቀን የደከመ ሰውነቷን ይዛ ፊቱ ተንበርክካ ስታንሾካሹክ እንቅልፍ ነሳችኝና ተናገርኩ።

ምንም አልመለሰችም። ሕፃኑን አነሳች፣ በሻርፕ ጠቀለለችው፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ያን ምስል ዳግመኛ አላየሁትም። መልሳልኝ፣ ተጣልተን፣ ተታርቀን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁትም።

አቴ ነው የምላት። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እንደ እኛ እትዬ። ማዳም ደመወዜን ሦስት ወር ስትይዝብኝ ለእናቴ ገንዘብ የላከችልኝ እሷ ናት። ወገቤን አሞኝ ስተኛ የእኔን ፎቅ ጠርጋ የምትይዛቸውን ልጆች የምታስተኛ እሷ ናት። እንዲህ ላለች ሴት ነው ያን ቃል የተናገርኩት።

ራሴን ለመከላከል ስፈልግ የምለው አላጣም ነበር። እኔም ትራሴ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል ይዣለሁ፤ ግን ሥዕል ነው። ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የተሣለ ነው፤ ከግድግዳው ወጥቶ የቆመ፣ ጥላ የሚጥል ምስል ግን አላየሁበትም። የተሣለና የተቀረጸ ያኔ ለእኔ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ ነበር። ዛሬም ልዩነቱ አለ ብዬ አምናለሁ። ያ ልዩነት አንድን ሰው በጸሎቱ መሐል ለማዋረድ ፈቃድ ይሰጠኝ እንደሆነ ግን ለራሴ መልሼ አላውቅም።

የግንቡ ከተማ

አሁን ሁለታችንም ከሰው ቤት ወጥተናል። እሷ አገሯ ገባች፤ እኔ ዱባይ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ሴት ልጇን ስትድር ጠራችኝና ሄድኩ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ጥር 10 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ማኒላ ውስጥ ወዳለው ኢንትራሙሮስ ወሰደችኝ። ቀኑን ያስታወስኩት ከተራ ስለሆነ ነው። እኛ ቀትር ላይ ስንደርስ አገር ቤት ገና ጠዋት ነበር፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ታቦታቱ ይወጣሉ።

ኢንትራሙሮስ «ከግንብ ውስጥ» ማለት ነው። ስፔኖች ከ1571 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መቀመጫቸው ያደረጉት፣ በወፍራም የድንጋይ ግንብ የታጠረ ከተማ ነው። በ1945 መጀመሪያ ላይ ጃፓኖችና አሜሪካኖች ሲዋጉበት ከውስጡ ከነበሩት ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ቆሞ የቀረው ሳን አጉስቲን ብቻ ነው። እሱ በ1607 የተጠናቀቀ ነው፤ ስንት የመሬት መንቀጥቀጥ አሳልፏል። እኛ የገባንበት ሙዚየም ግን ያለው ከነደዱት በአንዱ ቦታ ላይ ነው። ሳን ኢግናሲዮ ይባል ነበር። በ1889 ሲመረቅ ውስጡ እንዳለ በእንጨት ቅርጽ የተሸለመ ነበር፤ የቅርጹ ባለሙያ ኢሳቤሎ ታምፒንኮ የሚባል የዚያው አገር ሰው ነው። ያ ሁሉ እንጨት አመድ ሆነ። አሁን የቆመው እንደገና የተገነባ ሲሆን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ሳን ኢግናሲዮ የኢየሱሳውያን፣ ጀዝዊት የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር፣ ነበር። ስሙን ሳነብ ሆዴ ተኮማተረ። የእኛ ሰው ይህን ስም ከሱስንዮስ ጋር ነው የሚያስታውሰው፤ ቀሪውን መተረክ አያስፈልገኝም። ማኒላ የገቡት በ1581፣ ከእነሱው አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ እኛ የዘለቀው በ1603 ነው። ዘመኑ አንድ፣ ማኅበሩ አንድ። እኛ ዘንድ ፋሲል አባረራቸው፤ እዚህ ያመጡት ሃይማኖት የሕዝቡ ሆኖ ቀረ። ለካ ያ ኩዌት ያለ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት በራሴ አፍ ብቻ አልነበረም፤ የአራት መቶ ዓመት ቁርሾ ሳላውቀው ምላሴ ላይ ነበር።

ግን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ትራሴ ሥር ይዣት የኖርኩት ሥዕል ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት፤ ልጇን ታቅፋ፣ በእጇ መሐረብ የያዘችው። ይህ አሣሣል በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለችው የእመቤታችን ሥዕል የወረደ ነው፤ ወደ እኛ ያመጧት እነዚሁ ኢየሱሳውያን ናቸው። ሰዎቹን አባረርን፣ ሥዕሏን አስቀረን። አስቀርተንም የራሳችን አደረግናት፤ ጎንደር ላይ ዓይኗን አሰፋን፣ ቀሚሷን በእኛ ቀለም አቀለምነው። እናቴ «ይህቺ እኮ ከሮም የመጣች ናት» ቢሏት የምትስቅ ይመስለኛል።

የዝሆን ጥርስ

አቴ እዚህ ሙዚየም ገብታ አታውቅም ነበር። በእያንዳንዱ ምስል ፊት ቆማ በቀስታ ታማትባለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እኔ ከኋላዋ እያነበብኩ እከተላለሁ። ሁሉንም አላነበብኩም፤ የብር ዕቃዎቹንና የካህናቱን አልባሳት ቶሎ ቶሎ አለፍኳቸው።

የያዘኝ የዝሆን ጥርስ ነው። አንዳንዱ ምስል ሙሉ በሙሉ ከጥርስ የተቀረጸ ነው፤ አንዳንዱ ፊቱና እጁ ብቻ ከጥርስ፣ ሌላው እንጨት። አንድ ስቅለት ፊት ብዙ ቆምኩ። አካሉ ወደ አንድ ጎን ለስለስ ብሎ ዘንበል ይላል። ሥቃዩን ለማሳየት መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ሳየው የጥርሱ ጥምዝ ነው። ቀራጩ ዝሆኑ ያበቀለውን ጥምዝ ተከትሎ ክርስቶስን አዘንብሎታል። ጥርሱ ከሩቅ በመርከብ የመጣ ነው፤ ከእስያ ዝሆኖችም፣ ከአፍሪካ ዝሆኖችም። ፖርቱጋሎች በጎዋና በማካው በኩል ያመላልሱት ነበር። ሰው የማያውቀኝ አገር መጥቼ የራሴ አህጉር ዝሆን ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ይህን ሳስብ አንገቴ ላይ ያለችውን ማተብ ያዝኩ፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም።

የቅዱሳኑ ዓይን ቆብ ከበድ ያለ ነው፤ የእመቤታችን አንገት ላይ ደግሞ እንደ ቀለበት የተደራረቡ መስመሮች አሉ። የቻይና እጅ ነው። ቻይናዎቹን ስፔኖች ሳንግሌይ ይሏቸው ነበር፤ ከግንቡ ውጭ ፓሪያን በሚባል ሰፈር ይኖራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይቀርጻሉ። የአገራቸውን አማልክት ሲቀርጹ የኖሩ እጆች ማርያምን ቅረጹ ሲባሉ በሚያውቁት ፊት ቀረጿት። የማኒላው ጳጳስ ዶሚንጎ ዴ ሳላዛር በ1590 ለስፔን ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚህ ሰዎች ከጥርስ የሚሠሩትን ሕፃን ኢየሱስ አድንቆ አይጠግብም። በ1593 ገዥው ሉዊስ ፔሬስ ዳስማሪኛስ ያሠራት የላ ናቫል እመቤት የምትባል የማርያም ምስል ዛሬም ኬሶን ከተማ አለች፤ የቀረጻት ቻይናዊ ያኔ ገና አልተጠመቀም ነበር ይባላል። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1603፣ እዚያው ማኒላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ተገደሉ። ከቀራጮቹ ስንቱ ከሟቾቹ ጋር ይሆን እያልኩ ወደ ጥርስ ፊቶቹ ተመለከትኩ። ሁሉም በእርጋታ ወደ ታች ያያሉ።

ከብዙዎቹ ሥራዎች አጠገብ የሠሪው ስም የለም። ኢንዲዮ የሚለው ቃል አለ፤ ስፔኖች የአገሩን ተወላጅ በጅምላ የጠሩበት ስም ነው። እንጨቱን ከጫካ የቆረጠው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ኢንዲዮ ነው። ወንዱ ከ16 እስከ 60 ዓመቱ በዓመት 40 ቀን የግዴታ ሥራ ነበረበት። ይህን ለአቴ ሳነብላት «አባቴም በነጻ ሲሠራ ነው የሞተው» አለች፤ ስለ መሬት ባለቤቶች ማውራቷ ነበር። ከዚያ ዝም አለችና አለፈች።

«አታንሺ»

በአንዱ ጥግ አንዲት እመቤት ቆማለች። ፊቷ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ዓይኖቿ መስታወት፣ እንባ ያረገዙ ይመስላሉ። እጆቿ ወደፊት ተዘርግተዋል። ከአንገቷ በታች ግን ሰውነት የላትም። ክንዶቿ መጋጠሚያቸው የሚታይ እንጨት ናቸው። ከወገቧ በታች ቀጫጭን ጣውላዎች በክብ ተደርድረው እንደ ተደፋ ቅርጫት መሬት ላይ ተተክለዋል። ባስቲዶር ይሉታል። በልብስ የሚሸፈን ምስል ሲሠራ ፊትና እጅ ብቻ ይቀረጻል፤ የቀረው ቀሚሱን የሚሸከም ማቀፊያ ነው። ሙዚየሙ አሠራሩ እንዲታይ ያለ ልብስ አቁሟታል።

የዚያን ሰዓት ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው፦ ይኸው፣ ውስጡ ባዶ ነው አልኩ በልቤ። ከ13 ዓመት በፊት የነበርኩት ሰው አፉን ሊከፍት ደርሶ ነበር። ስልኬን አወጣሁ።

አቴ እጇን ካሜራው ላይ አደረገች።

«አታንሺ።»

«ለምን? ይፈቀዳል እኮ፤ ሁሉም እያነሳ ነው።»

«ልብስ የላትም» አለች።

ድምጿ ተራ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሴት ስትለብስ በሩን ዝጊው እንደምትለው ያለ። ይህን ብላ በእኔና በምስሏ መካከል ገባች፤ ጀርባዋን ለምስሏ ሰጥታ ወደ እኔ ዞራ ቆመች። ለማየት እንዳልመጣች፣ ለመከለል እንደመጣች። ከኋላዋ የቆሙ ሁለት ወጣቶች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ወደ ሌላ ሄዱ። ስልኬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ያን ጊዜ ነው ከተራ መሆኑ ዳግመኛ የመጣብኝ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ ታቦቱ በወርቀ ዘቦ ተሸፍኖ፣ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ፣ ጥላ ተዘርግቶለት ያልፋል። እናቴ በሕይወቷ ታቦት አይታ አታውቅም። ያየችው ልብሱን ነው። ልብሱ ሲያልፍ ግን መሬት ትስማለች። እኔ ከኩዌት በሰላም ብገባ ብላ የተሳለችው ስለት የመቅደስ መጋረጃ ነበር፤ በላክሁት ብር ገዝታ አስገባች። መጋረጃ! የማይታየውን ለመሸፈን የሚሆን ጨርቅ። አንድ እንግዳ መጥቶ ልብሱን ገልጬ ውስጡን ልይ፣ ፎቶም ላንሳ ቢል ምን እንደምለው አውቃለሁ። ሎንዶን የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ሰዎች እንኳ አያዩዋቸውም። ስለነሱ ባነበብኩ ቁጥር በንዴት መሐል አንድ የምጽናናበት ነገር ነበረኝ፦ ቢያንስ አልተገለጡም።

ታቦትና ቅርጽ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። አቴም እንዲህ አላለችኝም። ያየሁት ነገር ጠባብ ነው። አንዲት ሴት ባዶ ጣውላ ፊት ቆማ አፈረችላት። ጣውላ መሆኑን ከእኔ በላይ እሷ ታውቃለች፤ አያቷ ስታለብሰው አይታለች። እኔ የአሻንጉሊት ሥራ ያልኩት ይህን ማፈር ኖሯል። የሚታፈርለት ነገር ያለበት ቦታ ላይ ሳይገለጥ ይቆይ ማለት የማይችል ሰው ምን ዓይነት አማኝ ይባላል? ይህን ጥያቄ ወደ ራሴ ነው ያዞርኩት፤ ለእሷ አልጠየቅኳትም።

ሩዙ

ከሙዚየሙ ወጥተን በእግራችን እስከ ሳን አጉስቲን ሄድን። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አቴ ስለ አያቷ ነገረችኝ። አያቷን ሎላ ነው የምትላት። መንደራቸው ፓምፓንጋ ውስጥ ነው። እዚያ የሕማማት ሳምንት ሲደርስ ምስሎቹ በአበባ ባሸበረቁ ጋሪዎች ላይ ሆነው ይዞራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንዳንድ ቤተሰብ ርስት ናቸው፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳሉ። የሎላ ቤተሰብ ምስል የለውም፣ ድሆች ናቸው። ሎላ የአንድ ባለጸጋ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ከሰዎቹ ልብስ ጋር የእመቤታችንንም ልብስ ታጥባለች። የማልበሱ ቀን ሲደርስ ወንድ ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ሕፃኗ አቴ መርፌ ታቀብላለች። «ሎላ ሁልጊዜ መጀመሪያ እጇን ታጥባ፣ ከዚያ ይቅርታ ትጠይቃታለች» አለችኝ። «ማንን?» አልኳት። «እመቤታችንን ነዋ፤ ስለምታለብሳት።»

አንድ ነገር አልዋጥልኝ ስላለ ጠየቅኳት። «አቴ፣ ይህን ሁሉ ያመጡባችሁ በሰይፍ እኮ ነው። አባቶቻችሁን ያሠሩ፣ የገደሉ ሰዎች ናቸው። አይከብድሽም?»

ቶሎ አልመለሰችም። ከዚያ የሳንቶ ኒኞን ታሪክ አነሳች፤ እነሱ ዘንድ ሕፃን የሚያውቀው ነው። ለስፔን የሚጓዘው መርከበኛ ማጄላን በ1521 ሴቡ ደሴት ላይ ለገዥው ለሁማቦን ሚስት ያን ምስል ሰጣት። ሳምንታት ሳይቆዩ ማጄላን ማክታን ላይ ተገደለ፣ ሰዎቹም ሄዱ። ስፔኖች በ1565 ተመልሰው ሴቡን ሲያቃጥሉ አንድ ወታደር ምስሉን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሳጥን ተቀምጦ፣ ሳይነካ አገኘው። «44 ዓመት» አለች አቴ፣ ጣቶቿን ዘርግታ። «ቄስ የለም፣ ስፔን የለም። ማን ጠበቀው?» የሴቡ ሰዎች ዝናብ ሲጠፋ ይለምኑት እንደነበር ይተረካል። ቄሶቹ ያን ጊዜ ቢሰሙ ጣዖት አምልኮ ይሉት ነበር። እኔም ብሰማ እንዲሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ቢሆንም የዚያኑ ሰዓት ተናገርኩ። ኩዌት ውስጥ፣ በዚያች ማታ፣ ስለ ሕፃኑ ያልኩትን ታስታውሺያለሽ ወይ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ከፈራሁት በላይ ድምፄ ተቆራረጠ። አረብኛችንና እንግሊዝኛችን ተደበላልቆ በምን ቋንቋ እንዳልኩት አላስታውስም።

«አስታውሳለሁ» አለች። እጄን ያዘች። «ሻንጣ ውስጥ ግን አላስቀመጥኩትም፣ ሀቢብቲ። አፈንኩት ብዬ አለቀስኩ፤ በማግሥቱ አወጣሁት።»

«የት አደረግሽው?»

«ወጥ ቤት። ከሩዙ ጆንያ ጀርባ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ ቁርስም ምሳም እራትም፣ ከዚያ ጆንያ ሩዝ የሰፈርኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ፣ አንዳንዴ በጉልበቴ ተደፍቼ ነው የምሰፍረው፤ ጆንያው እያለቀ ሲሄድ ጭንቅላቴ እስከ ውስጡ ይገባ ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ አስታውሳለሁ። ቸኩላ መስሎኝ «መጣሁ፣ መጣሁ» እላት ነበር።

«ስትሰፍሪ ስለ አንቺ እለምነው ነበር» አለች። «ደመወዝሽ የቀረ ጊዜ በተለይ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ። አላናገረችኝም፤ ትከሻዋን አስጠግታ ጠበቀችኝ። ግቢው ውስጥ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱ ነበር፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ቆይቼ ቀና ስል ውኃ ገዝታ ከፍታ ይዛልኛለች።

ማታ ቤቷ ስንመለስ እናቴ ደወለች። ታቦቱ ወጥቶ ጥምቀተ ባሕሩ መድረሱን፣ ዝማሬው እስከ ስልኩ ድረስ ተሰማኝ። አቴም ሰማችው፤ «ምንድነው?» አለች፤ ስልኩን ሰጠኋት፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። በዚያ ዓመት የሳንቶ ኒኞ በዓል የሚውለው እሑድ፣ ጥር 12 ነበር፤ የጥር ሦስተኛው እሑዳቸው ከእኛ ቃና ዘገሊላ ጋር ገጥሟል። ስለዚህ ሕፃኑ መልበስ ነበረበት። ከሳሎኗ ጥግ ካለው መደርደሪያ አወረደችው፤ ኩዌት ያየሁት ያው ነው፣ የአንድ እጁ ጣት ተሰብሮ ተጣብቋል። አሮጌውን ካባ ከማውለቋ በፊት ወንድ ልጇን ከክፍሉ አስወጣችው። እኔም ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«አንቺ ቁጭ በይ» አለችኝ። አዲሱ ካባ ከካውያው ገና ትኩስ ነበር። «ይህን ያዢልኝ፣ እንዳይጨማደድ።»

ሁለት እጄን ዘርግቼ ያዝኩላት።